በመርከብ የመጣው አውራ አሳማ

መርከበኛው መርከብ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ባሕርም አላየም፤ በዕድሜው ያየው ትልቁ ውኃ ከሰፈራችን በታች ያለው ኩሬ ነው፤ እሱንም ዳር ቆሞ። ቅጽል ስሙ የወጣለት በአሳማው ምክንያት ነው። እኔ ባለጋሪ ነበርኩ። ለእሱ ቤትም፣ ከግድግዳው ማዶ ለሚኖረው ለሚስቱ ወንድምም መኖ የማመላልሰው እኔ ስለነበርኩ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አውቀዋለሁ። ዛሬ ሰዎች ታሪኩን ለሳቅ ያህል ብቻ ቆርጠው ሲያወሩት እሰማለሁ። መሳቁስ ይሳቅ፤ እኔም ስቄአለሁ። ነገር ግን ሰውየው ሙሉ ሰው ነበርና ሙሉውን መጻፍ ይገባል።

በወጣትነቱ ጆንያ ተሸካሚ ነበር፤ አንገቱ ወፍራም፣ ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩ ረጅም። አሳማ አርቢ ያደረገው ጋብቻ ነው። የሚስቱ አባት ሰፊ ግቢና መልካም መልካም እናት አሳማዎች ነበሩት። ሲሞት ለሴት ልጁና ለወንድ ልጁ እኩል አወረሰ። ሁለቱ አማቾች ለጥቂት ጊዜ አብረው ሠሩ፤ ከዚያ በአንድ የመኖ ገንዳ ተጣሉ። ገንዳው የማን እንደነበረ ዛሬ ሁለቱም አያስታውሱም፤ ገንዳውም ዝጎ ተጥሏል። ያኔ ግን ጠቡ ግቢውን ለሁለት የሚከፍል የብሎኬት ግድግዳ አስነሳ። ፊት ለፊት እንዳይተያዩም አንዱ በሩን በላይኛው መንገድ፣ ሌላው በታችኛው መንገድ በኩል አወጣ። ስለዚህ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ለመሄድ ዳቦ ቤቱ ያለበትን ማዕዘን መዞር ግድ ሆነ።

ግድግዳው ዓይን ይከለክላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም። በአንደኛው ወገን አሳማ ስትወልድ በሌላኛው ወገን ያለው ሰው ሥራውን አቁሞ ጆሮውን ብሎኬቱ ላይ ይለጥፋል፤ ግልገሎቹንም በጩኸታቸው ይቆጥራል። ብዙ ከሆኑ ምሳው አይጥመውም። ጥቂት ከሆኑ መርከበኛው ለሚስቱ ያዝንላት መስሎ፣ «የወንድምሽ ነገር እንዴት ነው? ቤቱ ጸጥ አለብኝ» ይላታል። ሚስቱ ደግሞ ወደ ወንድሟ ቤት እንደልቧ ትመላለሳለች፤ ግን ሳሎን ገብታ ተቀምጣ ተጫውታ ትመለሳለች እንጂ ወደ አሳማው ጋጣ ዝር አትልም። በቤቷ ያለው አሳማ ይበቃታል።

ሥራውን ግን ይችልበት ነበር፤ ይህ ይመስከርለት። አንዲቱ ምጥ ሲይዛት እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰብስቦ፣ ንጹሕ ጭድ አንጥፎ፣ አጠገቧ ይንበረከክና «አይዞሽ እመቤቴ፣ አይዞሽ» ይላታል። ሚስቱ ልጆቿን ሁሉ ስትወልድ ይህን ቃል አንድ ጊዜም እንዳልሰማችው ትናገር ነበር። ግልገሉ እንደ ወደቀ አፍና አፍንጫውን ይጠርግለታል፣ በጭድ ያሸዋል፤ ደካማውን አንሥቶ ወደ ፊተኛው ጡት ያስጠጋዋል፤ የፊተኛው ጡት ወተት ይበዛዋልና። እናቲቱ ስትተኛ ልጆቿን እንዳትጨፈልቅ ከጋጣው ጥግ ብረት ገጥሞ ነበር። ያን ብረት በየሳምንቱ ሲወለውል ያየ ሰው የመኝታ ቤት አልጋ ይመስለዋል።

አሁን ወደ አውራው ልምጣ። የሚስቱ አባት የተወው አውራ አሳማ አርጅቶ ሲሞት፣ ሁለቱም ቤት ያለ አውራ ቀረ። መርከበኛው አንድ ቀን ማልዶ ወጣና ቀኑን ሙሉ ቆይቶ፣ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ጀርባው ረጅም፣ ቆዳው እንደ ታጠበ ሕፃን የቀላ ወጣት አሳማ ነድቶ ገባ። ከየት አመጣኸው ቢሉት ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣ ነው አለ። ስሙንም እንግዳው አለው። ሳምንት ሳይሞላ አማቹም እንዲሁ ማልዶ ጠፍቶ ዋለና አንድ አውራ ይዞ ገባ። የእሱ የመጣው በአውሮፕላን ነው ተባለ፤ ስሙም ፈረንጁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ አንዱን መርከበኛው፣ ሌላውን አብራሪው ብሎ ጠራቸው። ሁለቱም የማዕረግ ስም መሰላቸውና ተቀበሉት።

ወሬው እንደ አሳማዎቹ እያደገ ሄደ። መርከቡ ማዕበል ገጠመው፤ እንግዳው ግን ሳይታወክ መኖውን ይበላ ነበር ተባለ። ይህ ግድግዳውን ተሻግሮ ሲሰማ፣ ፈረንጁ በመስኮት በኩል ተቀምጦ ደመናውን እያየ እንደመጣ ተነገረ። የእንግዳው የቀኝ ጆሮ ጫፉ ተቆርጦ፣ ከሥሩ ደግሞ በጥርስ የተነከሰ የሚመስል ሦስት ማዕዘን ምልክት ነበረው። መርከበኛው ያንን ምልክት የኩባንያው ማኅተም ነው ይል ነበር። እኔ መኖውን መጋዘን አራግፌ የምመለስ ሰው ነኝ፤ የአሳማ ጆሮ አይቼም መርምሬም አላውቅ።

እንግዳው መጀመሪያ አላሳፈረውም። እናቶቹ አሥርና ከዚያ በላይ እየወለዱ፣ ግልገሎቹም እየተሻሙ እየጠቡ፣ ቤቱ በጩኸት ተሞላ። መርከበኛው ከሴቶቹ ቆንጆ ቆንጆዋን መሸጥ አልሆነለትም፤ ለዘር አስቀራት። እሷም ስትደርስ ያው አውራው እንግዳው ነው። የእሷንም ቆንጆ ልጅ አስቀረ። ዓመታት ሲያልፉ ጋጣው ውስጥ ያሉት ሁሉ ከአንድ ፎርማ እንደወጣ ብሎኬት አንድ ዓይነት ሆኑ፤ እሱም ጎብኚ በመጣ ቁጥር «አንዷን ከሌላዋ ለይ እስቲ» እያለ ይኩራራ ነበር። እኔ ግን አንዳንድ ጊዜ አስበው ነበር፤ እነዚህ አሳማዎች አፍ ቢኖራቸው ማን ማንን ምን ብሎ ይጠራል? እንግዳውን አንዷ አባዬ፣ ሌላዋ አያቴ፣ ሁሉም ደግሞ ባሌ ሊሉት ነው። እርስ በርሳቸውም እኅትማማች፣ እናትና ልጅ፣ አክስትና ጣውንት። ሰላምታ ለመለዋወጥ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸው ነበር።

ከዚያ ልጅ መውለዱ እየቀነሰ መጣ። አሥር ትወልድ የነበረችው አምስት ወለደች፤ ልጇ አራት። አንዳንዶቹ ሳያረግዙ ይቀራሉ፤ የተወለዱትም እግራቸው ይልፈሰፈሳል። መርከበኛው ጥፋተኛ መፈለግ ጀመረ። መጀመሪያ የቆርቆሮ ጣሪያው ነው አለ፤ ዝናብ ሲመታው እናቶቹ ይደነግጣሉ። ቀጥሎ የእኔ ፉርሽካ ነው አለና እፊቴ አንድ እፍኝ ዘግኖ ቃመ፤ አላምጦ አላምጦ፣ «ውስጡ አንድ ነገር አለ» አለኝ። የነበረው ፉርሽካ ነው። በመጨረሻም የአማቹ ጆሮ ነው አለ፤ ሰውየው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሲያዳምጥ ምጡን ያጨናግፋል ብሎ።

በዚህ መካከል ሥጋ ሻጩ መመላለስ ጀመረ። ጥሩ ሰው ነው፣ ሳቂታ ነው፤ ነገር ግን የጋጣው አጥር ላይ ተደግፎ እናቶቹን ሲያይ ዓይኑ ከትከሻ እስከ ዳሌ እየከፋፈላቸው እንደሆነ ያስታውቃል። ሚስቱም ቁርጡን ነገረችው። የሚቀጥለው ወሊድ እንዲሁ ከሆነ እናቶቹ በሙሉ ለሥጋ ሻጩ ይሸጣሉ፤ ጋጣው ለጎሚስታው ይከራያል። ያለፈውን ዓመት ሁሉ መኖው እሷ በልብስ ስፌት በምታገኘው እየተገዛ ነበር። በዚያ ሰሞን ጋጣው በር ላይ ተቀምጦ ሳገኘው ጋሪዬን አቁሜ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ጎማ ምን ብለው ያዋልዱታል፣ ጋሼ?» ብቻ አለኝ።

የእንስሳት ሐኪሟን የጠራቻት ሚስቱ ናት። ወጣት ናት፣ በሞተር ሳይክል የምትሄድ፣ ቦት ጫማዋን በር ላይ ሳታጥብ ጋጣ የማትገባ። መርከበኛው ለዚህ አጠባ አከበራት። እናቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ ጣሪያውንም ፉርሽካውንም አየች። እነዚህ ደኅና ናቸው አለች፤ እኔም ተነፈስኩ። ከዚያ ወደ አንዷ ጠቆመች።

«ይህች የማን ልጅ ናት?»

«የእንግዳው።»

«ያቺስ?»

«እሷም የእንግዳው። የዚህችም ልጅ ናት።»

«የእንግዳው ልጅም የልጅ ልጅም ናት ማለት ነው?»

«ሁሉም የእሱ ናቸው፣ ዶክተር። ባዕድ አላስገባሁም» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ሐኪሟ አልሳቀችበትም። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ አስረዳችው። እያንዳንዱ እንስሳ የተደበቀ ጉድለት በደሙ ይዞ ይኖራል፤ አባትና እናት ባዕዳን ሲሆኑ የአንዱን ጉድለት የሌላው ጤና ይሸፍነዋል፤ ዘመድ ከዘመድ ሲገናኝ ግን ያው ጉድለት ከሁለት ወገን ይመጣና ጽንሱ ሆድ ውስጥ ይቀራል፤ የተወለደውም አቅም ያጣል። «እርስዎ የሚኮሩበት መመሳሰላቸው ራሱ ነው ችግሩ፣ ጋሼ» አለችው። አዲስ አውራ፣ ፈጽሞ የማይዛመድ፣ ያስፈልጋል። ሚስቱ በዚህ ጊዜ የወንድሟም አሳማዎች እንደዚሁ መውለድ እንደቀነሱ ተናገረች። ሐኪሟም የሁለቱ አውራዎች አመጣጥ ምን እንደሆነ ጠየቀች። አንዱ በመርከብ፣ ሌላው በአውሮፕላን ተባለች። እንግዲያውማ ቀላል ነው፣ ተለዋወጡ አለች። በሰማችው ነገር የሰጠችው ምክር ትክክል ነበር።

ለመለዋወጥ ግን መነጋገር ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ደግሞ አይነጋገሩም። ስለዚህ መልእክቱ በእኔ ጋሪ መመላለስ ጀመረ። መርከበኛው፣ ያ ሰው አውራውን መጀመሪያ ይላክ ይላል። አብራሪው፣ የቸገረው እሱ ነውና እሱ ይቅደም ይላል። ሚስቱ ለግድግዳው በር እናብጅለት ስትል ሁለቱም በአንድ ቀን እንቢ አሏት፤ አንዱ ሌላው እንቢ ማለቱን ሳይሰማ። በመጨረሻ በዳቦ ቤቱ ማዕዘን፣ ከሁለቱ በር እኩል በሚርቀው ቦታ፣ እኩል ደርሰው እንዲለዋወጡ ተስማሙ። እኔ መካከል ቆሜ ዳኛ እንድሆን ተወሰነ። ሥጋ ሻጩ ማንም ሳይጠራው ሽርጡን እንደታጠቀ መጣ። ሐኪሟም መጣች፤ ሁለት የማይተዋወቁ አውራዎች ከተገናኙ ይደባደባሉና ሰፋፊ ጣውላ አዘጋጁ ብላ ነበር።

የተነጋገርነው ሁሉ ጥሩ ነበር። ያልተነጋገርነው አንድ ነገር ዳቦው በዚያ ሰዓት ከምድጃ የሚወጣ መሆኑ ነው።

መርከበኛው ከላይ መጣ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጣውላውን እንደ ጋሻ ይዞ። አብራሪው ከታች መጣ፣ እሱም ነጭ ሸሚዝ። እንግዳውና ፈረንጁ ግን ማዕዘኑ ጋ ሲደርሱ አፍንጫቸውን ወደ ላይ አነሡ። መጀመሪያ ቆሙ። ከዚያ ሁለቱም ጣውላውንም ጌታቸውንም ጥለው፣ እንዲያ ያለ ሰውነት ይሮጣል ብሎ ማንም በማይገምተው ፍጥነት ወደ ዳቦ ቤቱ በር ተወረወሩ። በሩ ለአንድ ሰው ነው የተሠራው። ሁለቱ እኩል ገቡና ወገባቸው ላይ ተቀረቀሩ። ጭንቅላታቸው ዳቦ ቤት ውስጥ፣ ዳሌያቸው መንገድ ላይ ቀረ። ለመደባደብ ቦታም ጊዜም አልነበራቸውም፤ ያሰቡት ዳቦውን ብቻ ነው።

ሁለቱ አማቾች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አሳማ የኋላ እግር ይዘው መጎተት ጀመሩ። እየጎተቱም አልተነጋገሩም። ሥጋ ሻጩ ከኋላ ሆኖ የአሳማዎቹን አቀማመጥ በሙያ ዓይን ያይ ነበር። ከውስጥ የዳቦ ጋጋሪዋ ድምፅ ተሰማ፤ እኛ እትዬ የምንላት፣ ጓሮዋ ውስጥ በተረፈ ዳቦ ሁለት ሦስት አሳማ የምታሳድግ ሴት ናት። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር፤ «እንኳን ከባሕር ማዶ በደኅና መጣችሁ» ትላለች።

ሚስቱ በጓሮ በር ዞራ ገባች። ወደ ውስጥ ስትዘልቅ ሁለት ጭንቅላት ጎን ለጎን ሆነው ዳቦ ሲያላምጡ አየች። የአንዱ የቀኝ ጆሮ ጫፉ የተቆረጠ፣ ከሥሩ ሦስት ማዕዘን ያለው። የሌላው የቀኝ ጆሮ ጫፉ የተቆረጠ፣ ከሥሩ ሦስት ማዕዘን ያለው። የእትዬን ፊት አየች፤ እትዬ ጣሪያውን ትመለከታለች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሊጥ መቁረጫ አየች። ከዚያ በጓሮ ወጥታ ወደ እኛ መጣች።

«ማኅተሙ አንድ ነው» አለች።

ሁለቱ ሰዎች እግሩን ለቀቁ። መርከበኛው ጉሮሮውን ጠረገና፣ ኩባንያው አንድ ሊሆን ይችላል፣ ትልልቅ ኩባንያ በመርከብም በአውሮፕላንም ይልካል አለ። አብራሪው ራሱን ነቀነቀ፤ አዎ፣ እንዲያውም እንደዚያ ሰምቻለሁ አለ። ግድግዳው ከተሠራ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያ የመጀመሪያው ነው። እንደዚያ ሆኖ ቢቀር ለሁለቱም በቀለላቸው ነበር።

ሐኪሟ ግን የምትጠይቀው ነገር ነበራት። ከአንድ ቤት መጥተው እናታቸው አንድ ከሆነች መለዋወጡ ዋጋ የለውም፤ ያው ደም ግቢ ቀይሮ ይመለሳል፤ የምትፈልገውንም አዲስ አውራ ከየት እንደምትመርጥ ማወቅ አለባት አለች። «እባክዎ ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ከየት ነው የተገዛው?»

መርከበኛው ሐኪሟን አየ። ሚስቱን አየ። ቀጥሎ ሥጋ ሻጩን አየ፤ ሥጋ ሻጩ በትሕትና ዓይኑን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ያደረገው ግን ወደ አሳማው ዳሌ ነው። መርከበኛው ቀስ ብሎ የሸሚዙን አንገት አስተካከለ።

«ከዚሁ ከጓሮ» አለ። «ከእትዬ ነው የገዛሁት። መርከብ የለም።»

ሰው ሁሉ ወደ አብራሪው ዞረ። እሱ መሬት መሬት እያየ፣ «አውሮፕላንም የለም» አለ።

«እኔ አንድም ቃል አልወጣኝም» አለች እትዬ ከአሳማዎቹ ጭንቅላት ጀርባ። እውነቷን ነው። አንዱ መጥቶ ለማንም እንዳትነግሪ ብሎ አስምሏታል፤ በሳምንቱ ሌላው መጥቶ እንደዚያው። እሷም የደንበኛ ምሥጢር ነው ብላ፣ ያንን ሁሉ ዓመት ማዕበሉንና ደመናውን ፊቷን ሳትለውጥ ስታዳምጥ ኖረች። የአንድ እናት፣ የአንድ ሆድ ልጆች ናቸው። ጆሯቸውን በሊጥ መቁረጫ የቆረጠችው ከሌሎቹ ለመለየት ነው።

ሰፈሩ እንዴት እንደሳቀ መጻፍ አያስፈልግም። ሚስቱ ግን አልሳቀችም፤ የባሏ ሸሚዝ ላይ የተጣበቀውን ዱቄት በእጇ አራገፈችለት። ከዚያ ሁሉም ተረዳድቶ፣ በሳሙናም ጭምር፣ አውራዎቹን ከበሩ አላቀቃቸው።

ሐኪሟ የማይዛመድ አውራ ያለበትን ሩቅ እርሻ አገኘችላቸው። ሁለቱን አማቾች በጋሪዬ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ተቀምጠው ግማሹን መንገድ ዝም አሉ። ከዚያ አብራሪው ወደ ፈረሱ ጆሮ እያየ፣ «ያ ገንዳ ያንተ ሳይሆን አይቀርም» አለ። መርከበኛውም፣ «ቢሆንም ያፈስ ነበር» ሲል መለሰ። ይዘውት የመጡት አሳማ ጆሮው ዓይኑን የሸፈነ፣ ገላው ላይ ጥቁር ቀለም የተረጨበት የሚመስል፣ አፍንጫው ጠመም ያለ ነው። መርከበኛው መንገዱን ሁሉ ፊቱን ላለማየት ሞከረ። ግድግዳው ላይ በር ተበጀ፤ አውራው ከሁለቱ ወገን ይመላለስ ጀመር። የእናት አሳማ እርግዝና አራት ወር ገደማ ነው፤ ለመርከበኛው ግን በዕድሜው ረጅሙ ጊዜ ያ ነበር። ሥጋ ሻጩ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቅ እያለ የመርከበኛውን ሚስት ደኅንነት ይጠይቃል። ጎሚስታውም አንድ ቀን መጥቶ የጋጣውን ስፋት በእርምጃ ለካ።

የመጀመሪያዋን እናት አሳማ ምጡ በጠራራ ፀሐይ ያዛት። እኔ ፉርሽካ አራግፌ ነበርና ቀረሁ። ሚስቱ ከአጥሩ ውጪ ቆማለች፤ ሥጋ ሻጩም ከእሷ ራቅ ብሎ። አብራሪው በሩ እያለለት በልማዱ ከግድግዳው ማዶ ጆሮውን ለጥፎ ቆመ። መርከበኛው ተንበረከከ፤ «አይዞሽ እመቤቴ።» አንዱ ወጣ፣ ጮኸ። ሌላው ወጣ፣ ጮኸ። ነጭ አለ፣ ዝንጉርጉር አለ፣ አንድ ጆሮው ብቻ ጥቁር የሆነ አለ፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ቆይቶ እናቲቱ ዝም አለች።

«አሥራ ሦስት» አለ አብራሪው ከግድግዳው ማዶ።

«አሥራ አራት ናቸው» አለ መርከበኛው። «አንዱ ገና አልጮኸም።»

መዳፉ ላይ ያለው ግልገል አይነቃነቅም። አፉን ጠረገለት፣ በጭድ አሸው፣ ደግሞ አሸው፤ ከአንገቱ ሥር ላብ ይንጠባጠባል። ግልገሉ መጀመሪያ አስነጠሰ፤ ከዚያ ከወንድሞቹ ሁሉ በላይ ጮኸ።

«አሥራ አራት» አለ አብራሪው።

ሥጋ ሻጩ ኮፍያውን አንሥቶ እንኳን ደስ ያላችሁ አለና ሄደ። የእናቲቱ ጡት ግን ለሁሉም አልበቃም። አብራሪው ጋ ከትናንት በስቲያ ጥቂት የወለደች እናት ነበረች። ሁለት ግልገሎች በእሷ ጋጣ ጭድ ታሽተው፣ ሽታቸው እንዲመሳሰል ተደርጎ፣ በግድግዳው በር ተሻግረው ተሰጧት፤ እሷም ሳታንጓጥጥ አጠባቻቸው። ሚስቱ ጎሚስታውን ጠርታ ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ነገረችው። መርከበኛው በስተርጅናው ሌላ ሥራ ተጨመረበት፤ ድሮ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለነበሩ ማንንም መለየት አይጠበቅበትም ነበር፤ አሁን እያንዳንዱን በመልኩ ማወቅ ግድ ሆነበት፤ በጸባይም አይገናኙም፤ አንዱ ሌባ ነው፣ አንዱ አኩራፊ ነው። ማማረር ይወዳል። ሲያማርር ግን ፊቱ ይስቃል።

ሥጋ ሻጩ እንግዳውንና ፈረንጁን አልፈለጋቸውም፤ የአሮጌ አውራ ሥጋ ጫማ ነው አለ። የወሰደቻቸው እትዬ ናት፤ በየራሳቸው ጋጣ ሆነው የተረፈ ዳቦ እየበሉ በጓሮዋ ጡረታ ገቡ። መርከበኛው በየጊዜው ይጠይቃቸው ነበር። የሰፈሩ ሰው እሱን ለማናደድ፣ ያ በመርከብ የመጣው የት ደረሰ ብሎ ሲጠይቀው፣ ሰውየው አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ፈገግታም ቁጣም ሳያሳይ ይመልሳል።

«ወደ አገሩ ገባ» ይላል።